የመጀመሪያው ሽጉጥ ትንሹ መሆን የለበትም

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ ገዝቶ ደብቆ ለመታጠቅ የወሰነ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ከልብስ ሥር የማይታይ። ሻጩም ብዙ አይከራከረውም። ከመስታወቱ ሥር ኪስ የምትገባውን ሩገር ኤልሲፒ ያወጣለታል፤ ገዢዋ ሴት ከሆነች ደግሞ አምስት ጥይት የምትጎርሰውን አጭር የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ያቀርብላታል። በ2008 ገበያ የወጣችው ኤልሲፒ ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። እጅ ውስጥ ስትገባ የምታስደስት፣ ዋጋዋም የማያስደነግጥ ዕቃ ናት። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ይህ ምርጫ ለጀማሪ የተገላቢጦሽ ነው የሚል ነው። ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመሸከም ይቀላል፤ ለመተኮስ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ትንሿ ሽጉጥ ብዙ የተኮሰ ሰው መሣሪያ እንጂ የለማጅ አይደለችም። ለማጅ አስቀድሞ መግዛት ያለበት መተኮስ የሚያስተምረውን ነው፤ የመደበቅ ጉዳይ ተከትሎ ይመጣል።

ምክንያቱ ከክብደት ይጀምራል። አረሩ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። ያው አንድ ዓይነት ጥይት ክብደቱ ግማሽ በሆነ ሽጉጥ ቢተኮስ፣ ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚፈናጠርበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ እጅ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም እንዲሁ እጥፍ ነው። አገር ቤት ማካሮቭ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን መገመት አይቸግረውም። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ኤልሲፒ የምትተኩሰው «ሦስት ሰማንያ» የሚባለው ጥይት ከማካሮቭ ጥይት ጥቂት ደከም ያለ ነው፤ ምቱን የሚቀበለው ብረት ግን ከግማሽም በታች ነው። በዚያ ላይ እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣና አየር ላይ ትንጠለጠላለች፤ ሽጉጧን የሚይዙት ሁለት ጣቶች ብቻ ይሆናሉ። በየተኩሱ እጅ ውስጥ ትንሸራተታለች፣ ተኳሹም በየመሃሉ አያያዙን ማስተካከል ግድ ይሆንበታል። ማቀባበሉም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም፤ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ቀላል ሲሆን ምቱን ለመቋቋም ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልገዋልና።

ሁለተኛው ጉዳይ ማነጣጠር ነው፤ ይህንን በወረቀትና በእርሳስ ማስላት ይቻላል። ከፊተኛው ማነጣጠሪያ እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት በመካከለኛው ግሎክ 19 ላይ 15 ሴንቲሜትር ነው። በትንንሾቹ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የፊተኛው ማነጣጠሪያ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢዛነፍ፣ 7 ሜትር ላይ ካለ ዒላማ አረሩ በግሎኩ 5 ሴንቲሜትር እንኳ አይርቅም፤ በትንሿ 7 ሴንቲሜትር ይስታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱም እጥፍ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ምንም ማለት አይደለም። የምላጩን ክብደት ጨምሩበት። የትንሹ ሪቮልቨር ምላጭ እስኪተኩስ ድረስ በ5 ኪሎ ተኩል ገደማ ጉልበት መሳብ ይፈልጋል፤ ሽጉጡ ራሱ ግን ግማሽ ኪሎም አይሞላም። ከክብደቱ ከአሥር እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት እየጎተቱት እንዳይነቃነቅ አድርጎ መያዝ ለዓመታት የተለማመደ ጣት ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ትንሽ ሽጉጥ ጀማሪውን የምታስተምረው መጥፎ ልማድ ነው። አሠልጣኞች ይህንን ለማሳየት የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ካዝናው ውስጥ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መሃል ባሩድ የሌለው አንድ የመለማመጃ ጥይት ለማጁ ሳያይ ይጨመራል። እሱም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይተኩሳል፤ በአራተኛው ጊዜ ምላጩ ሲሳብ «ቀጭ» ብቻ ይላል። ምንም ያልተተኮሰ ቢሆንም አፈሙዙ ወደ መሬት ድፍት ሲል ሁሉም ያየዋል። ወደ ታች የገፋው ምቱን ፈርቶ አስቀድሞ የተሸማቀቀው የተኳሹ እጅ ነው። እውነተኛው ጥይት ሲተኮስ ይህ መሸማቀቅ በጩኸቱና በምቱ ስለሚሸፈን ሰውየው አያውቀውም፤ የሚያየው ከዒላማው በታች የተበሳ ወረቀት ብቻ ነው። እጅ የምታሳምም ሽጉጥ መሸማቀቁን በየተኩሱ ታጠናክረዋለች። ከሃምሳ ጥይት በኋላ መዳፉ የተላጠ ለማጅ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተኩስ መለማመጃው ለመመለስ ልቡ አይነሳም። ብዙ ትንንሽ ሽጉጦች ተገዝተው፣ አንድ ካዝና ተተኩሶባቸው፣ መሳቢያ ውስጥ የሚቀሩት በዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ራስን የመከላከል ተኩስ የሚደረገው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለሆነ የዒላማ ጥራት ምን ያደርጋል ይላል። ርቀቱ አጭር መሆኑ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የኒውዮርክ ፖሊስን መዝገብ መርምሮ በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1998 እስከ 2006 ፖሊሶቹ ተኩስ በተለዋወጡባቸው አጋጣሚዎች ሰውየውን የመታው ጥይት በአማካይ 18 በመቶ ነበር። ተጠርጣሪው ባልተኮሰባቸው አጋጣሚዎች እንኳ 30 በመቶ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥልጠና የወሰዱና በየጊዜው የሚፈተኑ፣ መደበኛ መጠን ያለው ሽጉጥ የታጠቁ ናቸው። ይበልጥ የሚገርመው መምሪያው ድንገተኛ ተኩስን ለመቀነስ ሲል የሽጉጦቹን ምላጭ ሆን ብሎ እንደዚያ ትንሽ ሪቮልቨር በ5 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚሳብ አድርጎት ነበር፤ ጥናቱ ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ ቀለል ያለ ምላጭ ይሞከር የሚል ነው። ፍርሃት ጣትን ያደነድናል፤ የደነደነ ጣት በከባድ ምላጭና በአጭር እጀታ ላይ ሲጨመር ሦስት ሜትርም ሩቅ ይሆናል። ዒላማውን የሳተው ጥይት ደግሞ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። የአሜሪካ አፓርታማ የውስጥ ግድግዳ ጂፕሰም ሰሌዳ የተለጠፈበት እንጨት ነው፤ የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት አንዱን አልፎ ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት ይዘልቃል። የእያንዳንዱ አረር ኃላፊ ተኳሹ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ደካማ እጅ ነው። ለሴቶች፣ ለአረጋውያንና የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሪቮልቨር ይሻላል፤ ማቀባበል የለበትም፣ አይነክስም ይባላል። ከፊሉ ልክ ነው። የሪቮልቨር አሠራር በእርግጥ ቀላል ነው። ነገር ግን የላይኛውን ብረት መጎተት ያቃተው እጅ ያን ከባድ ምላጭ አምስት ጊዜ ተከታትሎ እንዴት እንደሚስብ የሚመልስ ሻጭ ጥቂት ነው። ማቀባበል በአብዛኛው የዘዴ ጉዳይ ነው። ሽጉጡን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ አፈሙዙን ከሰው አርቆ፣ ጣትን ከምላጩ አውጥቶ፣ የላይኛውን ብረት በሙሉ መዳፍ ጨብጦ ከመጎተት ይልቅ እጀታውን ወደ ፊት መግፋት ብዙዎችን ያስችላቸዋል። ይህም ካልሆነ በ2018 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያወጣው ሺልድ ኢዚ አለ፤ ሞላው ሆን ተብሎ የለዘበ፣ እጀታውም ሙሉ መዳፍ የሚሞላ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ለዚህም ነው የምመክረው። ምት የሚያስፈራው ሰው ደግሞ ሃያ ሁለት በሚባለው ጥይት በሚሠራ ከበድ ያለ የመለማመጃ ሽጉጥ ቢጀምር ምንም አያፍርበት። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ምቱ ኢምንት ነው፤ ምላጭ አሳሳብም ንጹሕ ሆኖ የሚለመደው በእሱ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ሦስተኛው ነው። ትልቁን ሽጉጥ ሰው ከብዶት ቤት ይተወዋል፤ ቤት የቀረ ሽጉጥ ደግሞ ከሌለ አይሻልም። ይህ ከ2018 በፊት ቢነሳ ኖሮ ክርክሬን ያዳክመው ነበር። ያኔ ቀጭኑ ግሎክ 43 የሚይዘው ስድስት ጥይት በካዝና ነበር፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ወፍራሙን መሸከም ነበረበት። በ2018 የሲግ ሳወር ፒ365 ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። 500 ግራም ገደማ ሆና አሥር ጥይት በካዝናዋ ትይዛለች። ግሎክም በዓመቱ ተመሳሳይ ቁጥር የሚይዘውን 43ኤክስ ይዞ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ እጀታው ግን ለአብዛኛው ሰው ሦስት ጣት ያስይዛል። ስለዚህ ምርጫው በኪስ ሽጉጥና በጦር ሜዳ ሽጉጥ መካከል ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ምክሬ ይኸው ነው፦ ሰውነቱና አለባበሱ የፈቀደለት ግሎክ 19ን የሚያህል ይያዝ፤ ያልፈቀደለት እጀታው ሙሉ ከሆነ ቀጭን ሽጉጥ በታች አይውረድ። የመደበቁን ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት ደንዳና ቀበቶና ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጥሩ ማኅደር ናቸው። ለሽጉጡ ብዙ ከፍሎ ለማኅደሩ የሚሰስት ሰው ያስገርመኛል።

ሕጉም ሳያስበው ከዚህ ክርክር ጎን ይቆማል። የሜሪላንድ ፈቃድ ለማውጣት 16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ተኩሶ ማለፍም በውስጡ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ16 ሰዓት ትምህርት ሌላ ሁለት ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጠይቃል። ያን ፈተና ኪስ በምትገባ ሽጉጥ የሚፈተን ጀማሪ ራሱን በገዛ እጁ ያስቸግራል።

ትንሽነት የሚያመጣው ሌላ ጣጣም አለ፤ ይኸውም መረሳት ነው። ትንሿ ሽጉጥ ያለ ማኅደር የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር ትወረወራለች፣ የመኪና ኪስ ውስጥ ታድራለች፣ ትራስ ሥር ትቀራለች። ቁልፍ ምላጭ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ልጅም ቦርሳ ይከፍታል። በ2023 በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች የፍተሻ ኬላ ላይ 6,737 የጦር መሣሪያ ተይዟል፤ 93 በመቶው ጥይት የጎረሰ ነበር። አብዛኛው ባለቤት የሚሰጠው መልስ «መኖሩን ረስቼው» የሚል ነው። ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ደግሞ ከሌባ ይልቅ ለቤተሰቡ ይቀርባል። በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በ2020 በካሊፎርኒያ ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ስምንት እጥፍ፣ የሴቶቹ 35 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ቤቱ ውስጥ በድባቴ የሚሠቃይ ሰው ያለበት ገዢ የሽጉጥ መጠን ከመምረጡ በፊት መግዛቱን ራሱን ደግሞ ማሰብ አለበት። ለሌላውም ቢሆን ወገቡ ላይ ያልሆነ ሽጉጥ ቦታው የተቆለፈ የብረት ሣጥን ነው።

ለሐበሻ አንባቢ መረሳቱ ተጨማሪ ዋጋ አለው። አሌክሳንድሪያ የሚኖርና የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ሰው እራት ሊበላ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ፈቃዱ ወንዙ ላይ ይቀራል፤ ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። ኡበርና ሊፍትም ሾፌሮቻቸው በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥ መያዝ በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን የመሣሪያ ጥፋተኝነት ፍርድ ከአገር ከሚያስባርሩ ምክንያቶች አንዱ ነው። ዜግነት ያልወሰደ ገዢ ወደ ሱቁ ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ሕጎቹም በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ የሚኖርበትንና አዘውትሮ የሚያልፍበትን ግዛት የወቅቱን ደንብ ከፖሊስ መምሪያው ያረጋግጥ።