«ስኳሬ ቢወርድብኝስ?»



በእኛ በወገዳና በአካባቢው፣ ከጋይንት ደጋ እስከ ስማዳ ቆላ፣ የስኳር ሕመም «የከተማ ሰው በሽታ» መባሉ ቀርቷል። ከተራዊሕ በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ሆኗል። ጠያቂዎቹን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው በሽታው ራሱ አይደለም። «ቀን ላይ ስኳሬ ቢወርድብኝስ? ሰው በሌለበት ብወድቅስ?» የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ስኳር እንዳለባቸው በተነገራቸው በወሩ ረመዷን ገባ። «ሼህ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ልጹም ወይስ ልተው?» ብለው ጠየቁን። እኛም የሚወስዱት ምን እንደሆነ እንኳ ሳንጠይቅ «አላህ ያግዝዎታል፣ ይጹሙ» አልናቸው። በስምንተኛው ቀን ከምንጭ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ላብ አጠመቃቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው መንገድ ላይ ወደቁ። ልጃቸው ደርሳ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ገና መዋጥ ይችሉ ነበርና ተረፉ፤ አልሐምዱሊላህ።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ብቻቸውን ከቤት መውጣት ተዉ። ሌሊት «እንዳይወርድብኝ» እያሉ ደጋግመው ይበላሉ። ሰጋጃ ላይ ቆመው ልባቸው ሲመታ ሶላቱን አቋርጠው ስኳር ይቅማሉ። በቀጠሯቸው ቀን ሲለኩ ስኳራቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። መውረዱን ሲሸሹ ሌላው ጉዳት ላይ ወድቀው ነበር።

ይህን የምንጽፈው መልሳችን የዕውቀት መልስ እንዳልነበረ ለመመስከር ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ራሱ የቆሰለ አንድ ሰው ገላውን መታጠብ ግድ ሲሆንበት ተየሙም ይበቃው እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። አይበቃህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሳያውቁ የፈረዱትን ሰዎች በብርቱ ወቀሱ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። እኛም ከዚያ በኋላ ጠየቅን። ከሐኪሞች የተማርነውን እነሆ።

በመጀመሪያ፣ ፍርሃትና የስኳር መውረድ መልካቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም ያልባሉ፣ ያንቀጠቅጣሉ፣ ልብ ያስመታሉ። በስሜት ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር ሕመምተኛው ሁልጊዜ በሥጋት ይኖራል። የሚለያቸው መለካት ነው። ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ መለካት ጾም አያፈርስም። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ለምርመራ ደም መስጠትም ሆነ ምግብነት የሌለው መርፌ ከሚያፈርሱት ነገሮች ውጭ መሆናቸውን ገልጿል። «ጾሜ እንዳይበላሽ» ብሎ ሳይለኩ መዋል እንግዲህ መሠረት የለውም።

መሣሪያው ከ70 በታች ካሳየ ጾሙ በዚያው ቅጽበት ይፈታል፤ መግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም አይጠበቅም። ከ300 በላይ ካሳየም እንዲሁ ይፈታል፤ ወደ ጤና ተቋምም መሄድ ያስፈልጋል። መለኪያ በሌለበት ምልክቱ ከታየ እንደ ወረደ ቆጥሮ ማፍጠር ይሻላል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም መለካት፣ ካልተስተካከለ መድገም፣ ሲስተካከል ምግብ መብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይፈስም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ሁለተኛ፣ አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጉና ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው በቀላሉ ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ሰው ይህ እምብዛም አያጋጥምም። በ13 አገሮች የተካሄደ የ2001 እ.ኤ.አ. ጥናት፣ ከባድ የስኳር መውረድ በረመዷን በአንደኛው ዓይነት ሕሙማን 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት 7.5 እጥፍ መጨመሩን አሳይቷል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። ከጾሙ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን መልካም ነበር፤ ጾሙ ከገባም ግን አልረፈደም። መጠኑንና ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ በራስ ፈቃድ መቀነስም መተውም አይገባም።

እንዲጾም የተፈቀደለት ሰው ሱሑርን አይዝለል፤ ወደ ፈጅር አስጠግቶ ይብላ። የገብስ ወይም የጤፍ እንጀራ ከምስር ወጥ ጋር ከነጭ ዳቦና ከጣፋጭ ሻይ ይልቅ ቆይቶ ያግዛል። ከዐስር በኋላ ከባድ ሥራና ረጅም መንገድ ለሌላ ቀን ይተው። ልጆችም የእናት የአባታቸውን ምልክት ይወቁ፤ ስኳርም ከደጅ የሚወጣ ሰው ኪስ አይጥፋ።

ሐኪም «አይጹሙ» ያለውስ? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 184 እና 185 ላይ ለሕመምተኛ ሩኽሳ ሰጥቷል፤ ለባሮቹም ቀላሉን እንጂ ከባዱን እንደማይሻ ነግሮናል። የሚድን ከሆነ በኋላ ቀዷ ያወጣል። ሕመሙ ዘላቂ ሆኖ መጾም የማይችል ከሆነ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል። ሩኽሳ የአላህ ስጦታ ነው፤ የተቀበለውን ሰው «ኢማኑ ደከመ» ብለን አንማው።

ለጀመዓችንም አደራ አለን። መለኪያውና የመለኪያው ወረቀት ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው። በዚህ ወር ከምንሰጠው ሰደቃ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ነፍስ ያተርፋል። መውጊያው መርፌ ግን ከሰው ሰው አይዋዋስም።

እኚያ እናት በቀጣዩ ዓመት ሐኪማቸውን አማክረው አልጾሙም፤ ፊድያቸውን ከፈሉ። መለኪያውን ከሰጋጃቸው አጠገብ ያስቀምጡ ነበር። በዒድ ቀን ልንዘይራቸው ስንሄድ፣ «ሼህ፣ ዘንድሮ ሶላቴን ሳላቋርጥ ሰገድሁ» አሉን።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ረመዷናችንንም ይቀበለን። አሚን።