የማይታነጸው ሕንፃ፦ በቪዲዮ ጨዋታ ሥዕል ውስጥ ስላለው የዓይን ምትሐት

ሠዓሊ ሁሉ ርዝመትና ወርድ ብቻ ባለው ገጽ ላይ፣ ጥልቀት ያለውን ዓለም ለማሳየት የሚደክም ሰው ነው። ሸራውም ሆነ ብራናው፣ ግድግዳውም ቢሆን ጥልቀት የለውም፤ ይሁን እንጂ ተመልካቹ በሥዕሉ ፊት ሲቆም ተራራው ከኋላ፣ ሜዳው ከፊት፣ መንገደኛውም በመካከል ያለ መስሎ ይታየዋል። ይህ መምሰል የሚፈጸመው በተመልካቹ ልቡና ውስጥ ነው። ዓይን የሚቀበለው የብርሃን ምስል ጠፍጣፋ ሲሆን፣ አእምሮ ከሕፃንነት ጀምሮ ባከማቸው ልምድ እየተመራ፣ ርቀቱንና ቅርበቱን፣ ብርሃኑንና ጥላውን መርምሮ ስለ ነገሩ ቅርጽ ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ሥዕሉ የሚያቀርብለት ምስክርነት እርስ በርሱ የተቃረነ ወይም የተሸሸገ በሆነ ጊዜ ግን ፍርዱ ይስታል፤ ይህም መሳት የዓይን ምትሐት ይባላል።

ምትሐቱ ለብዙ ዘመን ማደሪያው የሠዓልያን ሸራና የአብያተ መንግሥታት ጣራ፣ ኋላም የሥነ ልቡና ሊቃውንት መጽሐፍ ነበር። የኮምፒዩተር ጥበብ ከተስፋፋ ወዲህ ግን አዲስ ማደሪያ አግኝቷል፤ እርሱም የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በዚህ ማደሪያ ውስጥ ምትሐቱ ለዕይታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ሰው በእጁ የሚያዞረው፣ በእግሩም እንደሚሄድበት ያህል የሚመላለስበት ስፍራ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥበብ፣ ይልቁንም ከፍሬዎቹ እጅግ የታወቀውን «ሞኑመንት ቫሊ» የተባለውን ጨዋታ፣ ከትውልድ ሐረጉና ከአሠራሩ ጋር ለአንባቢ ማስተዋወቅ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በስዊድን አገር ነው። በ1934 ኦስካር ሮይተርስቫርድ የተባለ ወጣት ተማሪ፣ በላቲን ትምህርት ሰዓት በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ሲሞነጫጭር፣ ዘጠኝ ኩቦችን አሰልፎ አንድ ሦስት ማዕዘን ሠራ። እያንዳንዱን ኩብ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ለሚመለከት ሰው ሥዕሉ ምንም ነቀፋ የለበትም፤ ሦስቱን ረድፎች በአንድነት ለሚመለከት ግን፣ ከፊት ያለው ኩብ ዞሮ ዞሮ ከኋላም ሆኖ ይገኛልና፣ እንዲህ ያለ ነገር በምድር ላይ ሊቆም እንደማይችል ልቡናው ወዲያው ይረዳል። ሮይተርስቫርድ ዘመኑን ሁሉ ለዚህ ዓይነት ሥዕል ሰጠ፤ አገሩም በ1982 ሥዕሎቹን በፖስታ ቴምብር ላይ አትማ አከበረችው።

የእርሱን ሥራ ሳያውቁ ወደዚሁ ሐሳብ የደረሱ ሁለት እንግሊዛውያንም ነበሩ፤ እነርሱም ሐኪሙ ላዮነል ፔንሮዝና ልጁ የሒሳብ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ ናቸው። ሮጀር በ1954 በአምስተርዳም ከተማ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፣ የሆላንዳዊውን የሞሪትስ ኤሸርን ሥዕሎች ተመልክቶ ስለ ተደነቀ፣ እርሱም በበኩሉ የማይቻል ቅርጽ ለመሣል ሞከረ፤ ከሦስት አራት ማዕዘን ምሰሶዎች የተጋጠመውንም ዝነኛ ሦስት ማዕዘን አገኘ። አባቱ ደግሞ ሰው ሲወጣበት ውሎ መልሶ ከተነሣበት የሚያደርሰውን ደረጃ ሣለ። ሁለቱም ግኝታቸውን በ1958 በብሪታንያ የሥነ ልቡና መጽሔት አሳተሙ፤ ቅጂውንም ለኤሸር ላኩለት። ኤሸርም ከዚህ ተነሥቶ በ1960 መነኮሳት የሚመስሉ ሰዎች በማያልቅ ደረጃ ላይ ሲዞሩ የሚታዩበትን ሥዕል፣ በ1961 ደግሞ ውሃው በቦዩ ዘወትር ቁልቁል እየፈሰሰ ተመልሶ ከራሱ ፏፏቴ አናት ላይ የሚደርስበትን ሥዕል ሠራ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሠዓሊው ሊቁን አስተማረ፤ ቀጥሎም ሊቁ ሠዓሊውን አስተማረ።

እነዚህ ቅርጾች ለኮምፒዩተር ጨዋታ የተመቹት በአንድ የአሣሣል ሥርዓት ምክንያት ነው። ከዓይናችን የራቀውን አሳንሶ፣ የቀረበውን አጉልቶ የሚያሳየውን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በእርሱ ዘንድ ሁለቱ የባቡር ሐዲዶች ወደ አድማስ ሲዘልቁ የሚገናኙ ይመስላሉ። ከዚህ ሌላ መሐንዲሶች የሚገለገሉበት ሥርዓት አለ፤ በዚያ ትይዩ የሆኑ መስመሮች እስከ መጨረሻው ትይዩ ሆነው ይኖራሉ፣ በሩቅ የቆመው ዓምድም በቅርብ ከቆመው ጋር እኩል ሆኖ ይሣላል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥዕል የነገሩ መጠን ስለ ርቀቱ ምንም አይመሰክርም። በስክሪኑ ላይ የምትታይ አንዲት ነጥብ፣ ከተመልካቹ ተነሥታ ወደ ጥልቁ በምትዘረጋው መስመር ላይ ካሉት ስፍራዎች ማንኛዋም ልትሆን ትችላለች፤ በእውነቱ እጅግ የሚራራቁ ሁለት ድልድዮችም፣ ጫፎቻቸው በዚያች አንዲት የዕይታ መስመር ላይ ካረፉ፣ የተጋጠሙ ሆነው ይታያሉ። በምዕራብ አውስትራልያ በፐርዝ ከተማ በ1999 የቆመው ሐውልት ይህን በግዙፍ ነገር ያስረዳል፤ ከተወሰነ ስፍራ ሆኖ የተመለከተው ሰው የፔንሮዝን ሦስት ማዕዘን ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጥቂት እልፍ ብሎ ሲመለከተው ግን ሦስቱ ክንዶች በየአቅጣጫቸው ተዘርግተው፣ የመጨረሻዎቹ ጫፎች ከቶ ያልተነካኩ መሆናቸውን ያያል።

«ሞኑመንት ቫሊ» ይህንኑ ምሥጢር ወስዶ የጨዋታ ሕግ አደረገው። ጨዋታው የተሠራው በለንደን ከተማ «አስቱ» በተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ የወጣውም በኤፕሪል ወር 2014 ነው፤ ሐሳቡ የተጀመረው ንድፍ አውጪው ኬን ዎንግ የኤሸርን አርአያ ተከትሎ ከሣለው አንድ ንድፍ ነው። ኢዳ የተባለች ነጭ ቀሚስ የለበሰች ትንሽ ልዕልት፣ በዐሥር ምዕራፍ በተከፈለው ዓለም ውስጥ፣ ማማ ከማማ እየተሻገረች ዝም ብላ ትጓዛለች። ተጫዋቹ በሕንፃው ላይ የተተከለውን መዘውር በጣቱ ሲያዞር፣ የግንቡ አንድ ክፍል አብሮ ይዞራል፤ ቀድሞ በገደል ተለያይተው የነበሩት ሁለት መንገዶች በዕይታ በተገጣጠሙበት ቅጽበት፣ ኢዳ ያለ ሥጋት ተሻግራ ትሄዳለች። በሌሎች ጨዋታዎች ዘንድ መሻገር የሚፈቀደው ሁለቱ ድንጋዮች በጥልቀቱ ዓለም በእውነት ሲነካኩ ነው፤ በዚህኛው ግን በተመልካቹ ዓይን ፊት መነካካታቸው ይበቃል። የማይቻለው ሦስት ማዕዘን መሰላል፣ ጣራ የነበረው ወለል፣ ግድግዳ የነበረውም ጎዳና ይሆናል።

ይህ ለተጫዋቹ ቀላል ሆኖ ቢታየውም፣ ለሠሪዎቹ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ነው። አንዱ ምሰሶ በላይኛው ጫፉ ከፊት፣ በታችኛው ጫፉ ከኋላ እንዲሆን ከተፈለገ፣ በዚያ ላይ የምትሄደው ልዕልት መቼ በምሰሶው እንደምትጋረድ፣ መቼስ ከፊቱ ሆና እንደምትታይ በየእርምጃው መወሰን አለበት፤ በአንዲት ቅጽበት ስሕተት ቢደረግ ምትሐቱ ሁሉ ይፈርሳል። የቀለሙም ኅብር፣ የጥላውም አጣጣል አእምሮን ወደሚፈለገው ፍርድ የሚመሩ ምስክሮች ስለ ሆኑ፣ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር አይገኝባቸውም። ሠሪዎቹ እያንዳንዱ ትእይንት እንደ ሥዕል በአደባባይ ሊሰቀል የሚገባው እንዲሆን ተመኝተው ስለ ደከሙ፣ ከጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕል ትምህርት ወስደዋል። በ2015 ጨዋታው ከብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ሁለት ሽልማት ተቀበለ፤ አንደኛው የዓመቱ ምርጥ የብሪታንያ ጨዋታ የሚያሰኘው ነበር።

በዚህ መንገድ ከእርሱ አስቀድመው የሄዱም አሉ። ጃፓናዊው ሠዓሊ ጁን ፉጂኪ ባሰበው መርሐ ግብር ላይ ተመሥርቶ ሶኒ በ2008 ያወጣው «ኤኮክሮም»፣ በነጭ ገጽ ላይ በጥቁር መስመር ብቻ የተሣለ ዓለም ነው። በዚያ ውስጥ አንድ የእንጨት አሻንጉሊት የመሰለ ሰው ሳያቋርጥ ይራመዳል፤ ተጫዋቹ ሰውየውን ሊያዝዘው አይችልም፣ የሚመለከትበትን አቅጣጫ ብቻ ይለውጣል። ሕጎቹ አምስት ሲሆኑ የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም በዓይን የታየው እንዳለ፣ የተጋረደውም እንደሌለ ይቆጠራል። በመንገዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ምሰሶ ከሸፈነው፣ ቀዳዳው ጠፍቷልና ሰውየው አይወድቅም። ፊል ፊሽ በካናዳ የነደፈውና በ2012 የወጣው «ፌዝ» ደግሞ፣ ጥልቀት ያለውን ዓለም ከአራቱ ጎን በአንዱ ብቻ እያሳየ፣ ተጫዋቹ ዓለሙን ሩብ ዙር ባዞረው ቁጥር፣ ተራርቀው የነበሩትን ማረፊያዎች ጎን ለጎን ያመጣለታል።

ዳሩ ግን ምትሐት ወደ ቪዲዮ ጨዋታ የገባው በእነዚህ ረቂቅ ሥራዎች ብቻ አይደለም። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ዐቅማቸው ትንሽ ስለ ነበረ፣ ሠዓልያኑ መሣሪያው ያልቻለውን የተመልካቹ ዓይን እንዲሞላላቸው ማድረግ ግድ ነበረባቸው። በ1982 የወጣው «ሙን ፓትሮል» የቅርቡን መሬት በፍጥነት፣ የሩቁን ተራራ በዝግታ ያሳልፍ ነበርና፣ በባቡር መስኮት የሚመለከት ሰው የሚያየውን ጥልቀት ይሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት ጄፍ ሊ የተባለው ሠዓሊ ከኤሸር ባገኘው ሐሳብ «ኪውበርት» የተባለውን ጨዋታ ፒራሚድ ሣለ፤ በእያንዳንዱ ኩብ ሦስት ገጽ ላይ ሦስት የተለያየ ቀለም በማኖሩ ብቻ፣ ጠፍጣፋው ስክሪን የድንጋይ ደረጃ መሰለ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1991 በወጣው በ«ሶኒክ» ጨዋታ ውስጥ ያለው ፏፏቴ ነው። ጨዋታው የወጣበት የሴጋ ኩባንያ መሣሪያ ብርሃን አሳላፊ ቀለም እንደ ልብ መሥራት ስላልቻለ፣ ሠዓልያኑ ውሃውን በቀጫጭን የቁም መስመሮች፣ አንዱን ሞልተው አንዱን ባዶ እየተዉ ሣሉት፤ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ጎረቤታሞቹን ቀለሞች ያዋሕዳቸው ስለ ነበረ፣ በውሃው ውስጥ የኋላው ገደል ጠልሎ ታየ። በዛሬው ጥርት ያለ ስክሪን ላይ ሲያዩት መስመሮቹ ተገልጠው፣ የጥበቡ ምሥጢር ይታወቃል።

በመጠን የሚደረገውም ምትሐት ጥንታዊ ነው። በሮማ ከተማ በስፓዳ ቤተ መንግሥት፣ በዐሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት የሕንፃ ሊቁ ቦሮሚኒ ያነጸው የዓምዶች መተላለፊያ፣ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ወለሉ ወደ ላይ እየተነሣ፣ ግድግዳውና ዓምዶቹም እያነሱ ስለሚሄዱ፣ ለተመልካቹ ብዙ እጥፍ ረዝሞ ይታየዋል። በ2019 የወጣው «ሱፐርሊሚናል» ይህንኑ ሐሳብ ገልብጦ ለተጫዋቹ ሰጠው፤ ትንሽ የቼዝ ጠጠር ከጠረጴዛ አንሥቶ፣ በዓይኑ ከሩቁ ግድግዳ ጋር አስተካክሎ ሲለቀው፣ ጠጠሩ እንደታየው መጠን ግዙፍ ሆኖ ይወድቃል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምትሐትና ሐሰት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሐሳዊ ሰው ሕጉን ደብቆ ሌላውን ለራሱ ጥቅም ያሳስታል፤ እነዚህ ጨዋታዎች ግን ሕጋቸውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ያሳያሉ፣ እስከ መጨረሻውም ሳያፈርሱ ይጠብቁታል። ሕጉ ከተፈጥሮ ሕግ ይለያል እንጂ የጸና ሕግ ነው፤ ተጫዋቹም የሚያሸንፈው ዓይኑ የሚያየውንና ልቡናው የሚያውቀውን ለይቶ መርምሮ፣ አንዱን ለሌላው መሣሪያ ማድረግ ሲማር ነው። ኤሸር ሰውን በሥዕሉ ፊት አቁሞ አስደነቀው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ወደ ሥዕሉ ውስጥ አስገብተው በአእምሮው እንዲሠራ አደረጉት። በእኛ አሳብ ይህ ለሥነ ሥዕል የተጨመረ እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ከሌሎቹ ኪነ ጥበባት ጋርም በክብር ሊቈጠር ይገባዋል።

ወደዚህ ጥበብ ለመግባት የሚሻ ወጣት ሠዓሊ ውድ መሣሪያ እስኪያገኝ ድረስ መዘግየት የለበትም። እርሳስና ማስመሪያ ይዞ የፔንሮዝን ሦስት ማዕዘን ይሣል፤ ከሦስቱ ማዕዘኖች አንዱን በጣቱ ሲሸፍነው የቀረው ቅርጽ ሊሠራ የሚችል እንደ ሆነ፣ ጣቱን ሲያነሣ ደግሞ የማይቻል እንደሚሆን ራሱ ይመርምር። ወላጆችና መምህራንም፣ ልጆች በስክሪን ላይ የሚያዩትን ሁሉ በአንድነት ከመንቀፋቸው አስቀድሞ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ አብረዋቸው ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደታየም ይጠይቋቸው። ማየትን ከመፍረድ መለየት የቻለ ልጅ፣ በጨዋታ ውስጥ ያገኘው ትምህርት በሒሳብም፣ በሕንፃ ሥራም፣ በሥዕልም ይጠቅመዋል።