ከአይስክሬሙና ከበርገሩ ጀርባ፦ የላንጋኖ አንድ ቤተሰብ ሥራ

ስለ ላንጋኖ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዋናው፣ ጀልባውና ቡናማው ውሃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ይህ ሐይቅ የብዙ ሰው መዝናኛ ነው። የሚዝናና ካለ ግን የሚያበላም አለ። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው የሚያበላው ወገን ነው። በቅርቡ በሐይቁ አካባቢ አንድ ቤተሰብ የሚሠራባትን ትንሽ የአይስክሬምና የበርገር ቤት ጎብኝቼ ነበር። ለመሆኑ እንዲህ ዓይነት ቤት በትንሽ ከተማ ይዞ መቆየት ለምን ይከብዳል? ሰው በርገር አይወድም እንዴ? ይወዳል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

እስቲ ከአይስክሬሙ እንጀምር። አይስክሬም የቀዘቀዘ ወተት ብቻ አይደለም፤ ወተት፣ ክሬም፣ ስኳርና አየር ነው። ወተቱ መጀመሪያ ጀርም እንዲሞት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም እየተመታ ይረጋል። መመታቱ አየር ያስገባል፤ ውሃው ወደ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት እንዳይለወጥም ያደርጋል። ምላስ ላይ የሚለሰልሰው ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ ነው። ስኳሩም ከማጣፈጥ አልፎ እንደ ድንጋይ እንዳይጠነክር ይረዳል። ተሠርቶ ሲያልቅ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ መቀመጥ አለበት።

እንግዲህ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አስቡት። የቀለጠው ፍሪዘር ውስጥ ዝም ብሎ እንደገና ሲረጋ ቅንጣቱ ይተልቅና አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። የባሰው ደግሞ ቀልጦ በቆየበት ሰዓት ባክቴሪያ መራባቱ ነው፤ መልሶ ማቀዝቀዝ ባክቴሪያን አይገድልም። ስለዚህ ያለው አማራጭ መድፋት ነው። ጄኔሬተር ቢኖርም ነዳጁ ትርፉን ይበላዋል። የቤቱ እመቤት ዘዴ ቀላል ነው፤ እንግዳ ለሚበዛበት ቅዳሜና እሁድ የሚበቃውን ብቻ ይሠራሉ። በሥራ ቀን አይስክሬም የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀን መቁጠሪያው ነው። እንደሚታወቀው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። በእነዚህ ቀናት ወተትም ሥጋም አይበላም፤ ማለትም የዚህ ቤት ሁለቱም ዋና ዋና ዕቃዎች ለጿሚው ክልክል ናቸው። ይበልጥ የገረመኝ የወቅቱ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ሙቀቱ የሚጠናው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾምም የሚውለው በዚሁ ሰሞን ነው። ሙቀቱ አይስክሬም ሲያስመኝ ጾሙ ይከለክላል። የቤተሰቡ መልስ የጾም አይስክሬም ነው፦ ወተት የሌለበት፣ ከማንጎ ወይም ከሎሚ ጭማቂ፣ ከስኳርና ከውሃ የሚረጋ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ የዓመቱ ምርጥ ገበያቸው ናቸው።

ሦስተኛው የሥጋው ጉዳይ ነው። ላንጋኖ ዙሪያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይኖራል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም እንግዳ እንደዚያው ድብልቅ ነው። በአገራችን ልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። አንዲት ትንሽ ቤት ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት መጥበሻና ሁለት ቢላዋ ይዛ መዝለቅ ያዳግታታል። ስለዚህ የማንንም ሥጋ ብትገዛ በርገሯ ገና ሳይጠበስ ከፊል ደንበኛዋን ያጣል።

ታዲያ ቤቷ እንዴት ትኖራለች? በአሳ! አሳ እርድ ስለማይፈልግ የሃይማኖት ጥያቄ አያስነሳም። በጾምም ቢሆን አጥባቂዎቹ ባይቀምሱትም የሚበላው ብዙ ነው። ቆሮሶው በአካባቢው ሐይቆች ይገኛል፤ ከሩቅ አይጫንም። ከሰሌዳው ላይ በትልቁ የተጻፈው በርገርና አይስክሬም ሆኖ ሳለ የሳምንቱን ወጪ የሚሸፍነው ግን የአሳ ጥብስና የአሳ ጉላሽ ነው። በርገሩ እንግዳውን ይጠራል፣ አሳው ቤቱን ያኖራል።

አንድ ነገር ግን በሒሳብ ደብተራቸው ላይ አላየሁም፤ ደመወዝ። አባት ከሰሉ ላይ ናቸው፣ እናት ወተቱና ሰላጣው ላይ፣ ልጃቸው ደግሞ ታስተናግዳለች፣ ሒሳብም ትቀበላለች። ለማንም የሚከፈል የለም። ትርፍ ብለው የሚቆጥሩት ገንዘብ በአብዛኛው የሦስቱ ያልተከፈለ ጉልበት ነው። ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲ ከገባች በምትኳ ሰው መቅጠር ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አይስክሬሙ እንደሚቀር ወላጆቿ ከወዲሁ ተነጋግረዋል። ሁለቱም ግን እንድታልፍ ነው የሚጸልዩት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ንግድ ስንጽፍ ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች መሮጥ እንወዳለን። የመብራት መቆራረጥ፣ የሃይማኖት ልማድና የቤተሰብ ጉልበት ኑሮን እንዴት እንደሚወስኑ ለማየት ግን አራት ጠረጴዛ ያላት ቤት ትበቃለች። እናም ረቡዕ ቀን ላንጋኖ ደርሳችሁ አይስክሬም የለም ብትባሉ አትቀየሙ። አሳ እዘዙ።