ቀን የሚቆጥረው ሽንኩርት

ከወጥ ቤት መደርደሪያ ጥቂት የጥቁር አዝሙድ ፍሬ በአንድ እጃችን፣ ከዘር መሸጫ የተገዛ የቀይ ሽንኩርት ዘር ደግሞ በሌላው እጃችን ብንይዝ፣ ሁለቱን በዓይን ብቻ ለመለየት እንቸገራለን። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ሸካራና ባለ ማዕዘን ናቸው። የሽንኩርቱ ዘር እጅግ ቀላል በመሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ ከ250 እስከ 300 የሚደርስ ፍሬ ይገኛል። በአንድ የሻይ ማንኪያ የሚያዝ ዘር የአንድን ቤተሰብ የብዙ ወራት የወጥ ሽንኩርት ይዟል ማለት ነው።

በአገራችን ብዙ ሰው ሽንኩርት ዘር ያለው ተክል መሆኑን እምብዛም አያስታውስም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አያቶቻችን ያውቁት የነበረው የሐበሻ ሽንኩርት የሚተከለው በራሱ ነው፤ አንዲት ራስ መሬት ውስጥ ገብታ ብዙ ትንንሽ ራሶች ሆና ትወጣለች። ዛሬ ገበያውን የያዘው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ግን በገበሬዎቻችን ዘንድ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ የሚራባውም በዘር ነው። የሚያስገርመው፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም የሚመድቧቸው አሊየም ሴፓ በሚባል አንድ ዝርያ ውስጥ መሆኑ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑን ሁለት የዘር ፓኬቶች ናቸው። አንደኛውን በስዊድን የሚኖሩ ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ይዘውልን መጡ፤ በላዩ ላይ ጡጫ የሚያህል ወርቃማ ሽንኩርት ታትሞበታል። ሁለተኛው እዚሁ የተገዛና «አዳማ ሬድ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት፣ ሥዕል የሌለው ከረጢት ነበር። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲዎች ዘራናቸው። የበቀሉትም በአንድ ሰሞን ነበር። በአምስተኛው ወር የአዳማ ሬድ ቅጠል አንገቱ ላይ ላልቶ ሲወድቅ፣ ቀዩ ራስ ከአፈሩ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይታይ ነበር። የስዊድኑ ዘር ግን ቅጠል በቅጠል ላይ እየጨመረ፣ እንደ ባሮ ሽንኩርት ቀጥ ብሎ ቆመ። ውኃ አበዛንበት፤ አልሆነም። ውኃ ቀነስንበት፤ አልሆነም። ፍግ ጨመርንለት፤ ቅጠሉ ይበልጥ ለመለመ። በመጨረሻም ዘሩ የተበላሸ ነው ብለን ለዘመዳችን ልንነግራቸው ተቃርበን ነበር። ዘሩ ግን አንዳችም ጉድለት አልነበረበትም።

የመብቀሉ ነገር

ወደ ምክንያቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ዘሩ አበቃቀል ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ብዙ ጀማሪዎች ተስፋ የሚቆርጡት ገና እዚህ ላይ ነውና።

የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። በተራ የቤት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዘር አጠባበቅ የሚታወቅ አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፤ በተወሰነ ክልል ውስጥ የዘሩ እርጥበት በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ዘርን በደረቀ፣ አየር በማያስገባ ብልቃጥና በቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ዋጋ አለው። አሮጌ ዘር ያገኘ ሰው 50 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ሶፍት ይጠቅልል፤ ከዚያም በላስቲክ ከትቶ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይጠብቅ። የበቀሉትን ቆጥሮ በሁለት ቢያባዛ መቶኛውን ያገኛል። ከግማሽ በታች ከሆነ አዲስ ዘር መፈለግ ይሻላል።

አፈሩ ልል መሆን አለበት። የአትክልት አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ ተቀላቅሎ ከታች በተበሳ ዕቃ ውስጥ ቢሞላ ይበቃል። ዘሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አይቀበርም። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ከስድስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ በደጋ ከተሞች ግን ሁለት ሳምንት መታገሥ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከአፈሩ ብቅ የሚለው ነገር ባቄላ ሲበቅል ካየነው ፈጽሞ የተለየ ነው። ሽንኩርት ባለ አንድ ክክ ተክል ነው። ያ አንዱ የክክ ቅጠል እንደታጠፈ ጉልበት ሆኖ ይወጣል፤ አንደኛው እግሩ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ የሌላኛው ጫፍ ግን ገና ዘሩ ውስጥ ነው። በዘሩ ውስጥ የቀረው ጫፍ የተከማቸውን ምግብ እየመጠጠ ለቡቃያው ያቀብላል። ምግቡ ሲያልቅ ጉልበቱ ይቃናል፤ ጥቁሩንም የዘር ቅርፊት እንደ ቆብ በጫፉ ደፍቶ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ቡቃያው ከቀጭን ሣር አይለይምና አረም መስሏቸው የሚነቅሉት ብዙዎች ናቸው። እኛም ከመጀመሪያዎቹ መካከል ጥቂቱን እንዲሁ አጥፍተናል።

ችግኙ ሰባት ሳምንት ገደማ ሆኖት ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይዛመታል። በችግኞች መካከል አሥር ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል ደግሞ ሃያ ሳንቲ ሜትር መተው ተገቢ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። በረንዳ ላይ ለሚያመርት ሰው ከሁሉ የሚከብደው ፀሐይ ማግኘቱ ነው፤ ግማሽ ቀን በጥላ የሚውል ሽንኩርት ቀጥኖ ይቀራል።

ቀኑን የሚለካው ማን ነው?

አሁን ወደ ሁለቱ ባልዲዎች እንመለስ። በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ በሰኔ አጋማሽ የሚውለው የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ብርሃን አለው። በታኅሣሥ የሚውለው አጭሩ ቀን ደግሞ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በስቶክሆልም ግን የታኅሣሡ ቀን ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የሰኔው ከ18 ሰዓት ያልፋል። ለሰሜን አውሮፓ የተመረጡ የሽንኩርት ዓይነቶች ራስ መቋጠር የሚጀምሩት ቀኑ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ሲደርስ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ከቶ አይመጣም። የዘመዳችን ሽንኩርት የሚጠብቀው ያን ነበር፤ ቢታገሡት ዓመቱን ሙሉም ይጠብቃል።

ተክሎች የቀንን ርዝመት እንደሚለዩ በግልጽ ያሳዩት ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ሥራቸው የጀመረው በትንባሆ ነበር። «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለው የትንባሆ ዓይነት በበጋቸው ወራት ከመጠን በላይ ያድጋል እንጂ አያብብም ነበር። ተመራማሪዎቹ ሙቀቱን፣ ውኃውንና ማዳበሪያውን ፈተሹ፤ ከዚያም ተክሎቹን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ጎጆ እያስገቡ ቀኑን አሳጠሩባቸው። ተክሎቹም አበቡ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1920 ታተመ፤ ክስተቱም ፎቶፔሪዮዲዝም ተባለ። አላርድ ከሮይ ማግሩደር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ይኸው የቀን ርዝመት ልዩ ልዩ የአሜሪካና የአውሮፓ ሽንኩርቶችን ራስ አቋጣጠር እንዴት እንደሚወስን አሳየ። እኛ በባልዲ የደረስንበትን ነገር እነርሱ ከእኛ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ብርሃኑን የሚለካው ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ቀለም አለ፤ ይህም ቀይ ብርሃንንና ከቀይ አልፎ ያለውን፣ ዓይናችን በውል የማያየውን ብርሃን ለይቶ ይቀበላል። ሆኖም የሚያብጠው ቅጠሉ ሳይሆን ከታች ያለው የቅጠሉ መሠረት ነውና መልእክተኛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን መልእክተኛ ገለጠ። ኤፍ ቲ የሚባሉት ጂኖች በሌሎች ተክሎች አበባን እንደሚቀሰቅሱ ይታወቅ ነበር፤ በሽንኩርት ግን ሥራ ተከፋፍለዋል። አንደኛው፣ ኤሲ ኤፍ ቲ 1 የተባለው፣ ራስ መቋጠርን ያስጀምራል። ኤሲ ኤፍ ቲ 4 የተባለው ደግሞ ያግዳል። ቀኑ በቂ ርዝመት ሲያገኝ አጋጁ ዝም ይላል፣ አስጀማሪው ይነሣል። በስዊድኑ ባልዲ ውስጥ አጋጁ ዝም የሚልበት ቀን አልደረሰም ነበር።

የአዳማ ሬድና የቦምቤ ሬድ ዓይነቶች መነሻ የቀን ርዝመታቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ የእኛ ቀን ይበቃቸዋል። ነገር ግን ይህ ሌላ ጣጣ አለው። የሽንኩርት ራስ ማለት ያበጡ የቅጠል መሠረቶች ክምር ነው፤ ራስ መቋጠር ሲጀምር ተክሉ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል ማውጣቱን ያቆማል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ብዙ ቅጠል ያላወጣ ተክል ትልቅ ራስ ሊሰጥ አይችልም። የአገራችንን ዘር ወደ ስዊድን ወስዶ በፀደይ የሚዘራ ወዳጅ የሚገጥመውም ይኸው ነው፤ ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ያላት ችግኝ ረጅሙን ቀን አይታ ትቸኩላለች፣ ብይ የምታህል ራስም ትቋጥራለች። ዘር በሻንጣ ለሚልኩ ዘመዶች ሁሉ ይህ ቢነገራቸው ደስ ይለናል። ከፓኬቱ ሥዕል ይልቅ በጀርባው የተጻፈውን የቀን ርዝመት ማንበብ ይሻላል።

ከቀን ርዝመት ሌላ ሙቀትም ድርሻ አለው። ሙቀት ራስ መቋጠርን ያፋጥናል፤ ብርድ ያዘገያል። በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ማሳዎች ቶሎ የሚደርስ ዓይነት በአዲስ አበባ በረንዳ ላይ ሳምንታት የሚዘገየውም በዚሁ ነው። የክረምቱ እርጥበት ደግሞ የቅጠል በሽታ ያበዛል። ስለዚህ በደጋ የሚኖር ሰው ክረምቱ ሲወጣ ዘርቶ በበጋው ውኃ እያጠጣ ቢያሳድግ ይሻለዋል።

አገዳ የሚያወጣው

ሽንኩርት በተፈጥሮው የሁለት ወቅት ተክል ነው። በመጀመሪያው ራስ ይቋጥራል፤ ብርድ ከቀመሰ በኋላ በሁለተኛው ባዶ ውስጥ ያለው የአበባ አገዳ አውጥቶ ዘር ይሰጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ብርዱ ሲጠና ግን አንዳንድ ወፍራም ችግኝ ይታለልና በመጀመሪያው ወቅት አገዳ ያወጣል። ከእንዲህ ያለው ተክል የሚገኘው ራስ ጠንካራ ልብ ያለውና የማይቀመጥ ነው፤ ቶሎ መብላት ይሻላል። ከእርሱ ዘር መሰብሰብ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ቶሎ አገዳ የማውጣትን ጠባይ በገዛ እጁ እየመረጠ ያራባል።

ዘር የሚፈልግ ሰው በደንብ ከተቋጠሩት መካከል መልካም መልካሞቹን መርጦ፣ አድርቆና አሳርፎ፣ የብርዱ ወራት ከመግባቱ በፊት መልሶ ይትከላቸው። አንድ ራስ ብቻ መትከል አይበቃም። በአገዳው ጫፍ ኳስ ሠርተው የሚታዩት በመቶ የሚቆጠሩ አበቦች እያንዳንዳቸው ወንዴ ዱቄታቸውን የሚለቁት ሴቴው አካል ለመቀበል ከመድረሱ በፊት ነው። ስለሆነም ተክሉ በአብዛኛው የሚዳቀለው ከሌላ ተክል ጋር ነው፤ አመላላሾቹም ንቦች ናቸው። ከአንድ ተክል ብቻ የተገኘ ዘር በትውልድ ላይ ትውልድ እየደከመ ይሄዳል። ለዚህም ራሶቹ በበዙ ቁጥር ይሻላል።

የስዊድኑን ፓኬት ገና አልጨረስነውም። ከቀረው ዘር ለሁለት ዕቃ የሚበቃ ችግኝ አውጥተን፣ ስድስትና ሰባት ቅጠል ሲኖራቸው አንደኛውን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አምስት ሰዓት ያህል ከአምፖል ሥር ልናሳድረው አስበናል፤ ሌላው በተፈጥሮ ቀኑ ይቆያል። አምፖሉ ክር ያለው የድሮው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ነጭ የኤል ኢ ዲ አምፖል ከቀይ ያለፈውን ብርሃን እምብዛም አይሰጥምና ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ይህን ሙከራ በየትምህርት ቤቱ መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገው መለኪያ አንድ ካሊፐር ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ የራሱን ወርድ ለአንገቱ ወርድ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከሁለት ሲያልፍ ተክሉ ራስ መቋጠር ጀምሯል ይባላል። ባለ አምፖሉ ዕቃ በስንተኛው ሳምንት ሁለትን እንደሚያልፍ መዝግባችሁ ብትልኩልን ከእኛው መዝገብ ጋር እናስተያየዋለን።