የአዱሊስ ዙፋን በታሪክ ክፍል

«ታሪክ ሽምደዳ ነው» የሚል ሰው የማትሪክ ፈተናን እንጂ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍልን አያውቅም። እርግጥ የዓለም ታሪክ ኮርስ ዝርዝሩን ላየው ያስደነግጣል። ከሜሶጶጣሚያ ይነሣና ግብፅን፣ ግሪክን፣ ሮምን አልፎ፣ የፈረንሳይን አብዮትና ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች አዳርሶ፣ ቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ይደርሳል። አምስት ሺህ ዓመት በጥቂት ሴሚስተር! ጥሩ አስተማሪ ግን ሁሉን ልሸፍን ብሎ አይሮጥም፤ አንድ ሰነድ ይዞ ይመጣና ተማሪውን እዚያው ላይ ያፋጥጠዋል።

ለእኔ በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ ከነበረው ጽሑፍ የተሻለ የለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የአክሱሙ አፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት ሲሰናዱ፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል የእብነ በረድ ዙፋን፣ ከኋላውም ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ቆሞ ያያል። ሁለቱም ላይ በግሪክኛ ተጽፏል። ንጉሡ ግልባጩን ስለፈለጉት የአዱሊስ ገዥ ሥራውን ለኮስማስና ለጓደኛው ሰጠ።

ሰሌዳው የግብፁ ንጉሥ የ3ኛው በጥሊሞስ ነው። ስለ እስያ ዘመቻውና ከእኛ አካባቢ ስለታደኑ የጦር ዝሆኖች ያወራል። የዙፋኑ ባለቤት ደግሞ በረዶ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥባቸውን የስሜን ተራሮች ሳይቀር እንዳስገበረ ይናገራል። ኮስማስ ሁለቱን የአንድ ሰው ቃል አድርጎ ጻፋቸው።

የተማሪው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። የዙፋኑ ጽሑፍ «በነገሥሁ በ27ኛው ዓመት» ይላል፤ በጥሊሞስ ግን የነገሠው ከ246 እስከ 222 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ስሌቱ አልገጠመም! በጥሊሞስ ዘሩን ከሄራክልስና ከዲዮኒሶስ ይመዝዛል፤ የዙፋኑ ሰው አባቴ የሚለው የጦርነት አምላክ የሆነውን አሬስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱም የደረሰው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በአክሱሙ ንጉሥ በዒዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ላይ ያንኑ የአሬስ ልጅነት አገኘ። ሁለቱ የአዱሊስ ጽሑፎች የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳውም እሱ ነው። ዙፋኑ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነበር፤ ስሙ ግን አልተረፈም። ድንጋዮቹም ዛሬ የሉም፤ በእጃችን ያለው የዚያ ነጋዴ ግልባጭ ብቻ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ግሪካዊት ግብፅ፣ አክሱምና የቢዛንታይን ዘመን ተደራርበው ተቀምጠዋል። «ጥንታዊ፣ መካከለኛ፣ ዘመናዊ» የሚለው አከፋፈል በአውሮፓ ልክ የተሰፋ በመሆኑ፣ አፍሪካን በመጨረሻ ምዕራፍ እንደ ጭማሪ የሚያስገቡ መጻሕፍት ይህን ገጽ የት እንደሚያደርጉት አላውቅም።

የቀረው ትምህርት የሚገኘው በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ወደ ትውልድ አገራቸው እየወረዱ ሽማግሌ ሲጠይቁ ኖረዋል። አንድን ጦርነት አንዱ አዛውንት በአንድ ዓመት፣ ሌላው በሌላ ዓመት ያደርገዋል፤ ተማሪው ሁለቱን ከደብዳቤና ከመዝገብ ጋር ማስተያየት አለበት። አማካሪው «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የመረጃ ሰጪዎቹ ስምና ዕድሜ ከጽሑፉ ጋር ይያያዛል። ስድስት ኪሎ ከተቀመጡት ከነዚህ ጽሑፎች መካከል፣ ስለ አንድ ወረዳ ከእነሱ በቀር የተጻፈ ነገር ማግኘት የሚያዳግትባቸው አሉ።