የጀርባ ብርሃን መፍሰስ

የጀርባ ብርሃን መፍሰስ ማለት በኤልሲዲ ስክሪን ላይ ጥቁር መሆን በሚገባው ቦታ ከስክሪኑ ኋላ ያለው ብርሃን ሾልኮ ሲታይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጠርዝና በማዕዘን አካባቢ እንደ ፈዛዛ ነጭ ወይም ቢጫማ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። በቴሌቪዥን፣ በላፕቶፕና በስልክ ላይም ይከሰታል። ታብሌት ግን ሰፊ ሆኖ በጣም ቀጭን ስለሆነ፣ እንዲሁም ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፊልም ለማየት ስለሚውል፣ ባለቤቱ ቶሎ ያስተውለዋል።

በአብዛኞቹ ታብሌቶች ላይ መጠነኛ የብርሃን መፍሰስ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ንባብን፣ ጽሑፍንም ሆነ ቀን ላይ የሚሠራ ሥራን አያውክም። ሆኖም በሁለት ሁኔታዎች ትኩረት ይሻል። አንደኛው ታብሌቱ ጨለማ ምስሎችን በጥንቃቄ ለመመልከት ሲውል ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ያልነበረ የብርሃን ጥፍጣፍ በድንገት ብቅ ብሎ እየሰፋ ሲሄድ ነው፤ ይህ የባትሪ ማበጥ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የኤልሲዲ ስክሪን አሠራር

ኤልሲዲ ስክሪን ስሙን ያገኘው ከፈሳሽ ክሪስታል ነው። የፈሳሽ ክሪስታልን ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1888 መጀመሪያ ያስተዋለው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ነበር። ፈሳሽ ክሪስታል በራሱ ብርሃን አያመነጭም። ስለዚህ ምስሉ እንዲታይ ከጀርባው መብራት ያስፈልገዋል። የታብሌት ስክሪን ከኋላ ወደ ፊት ሲታይ የሚከተሉት ክፍሎች አሉት፦

• አንጸባራቂ ሉህ፦ ወደ ኋላ የሚሄደውን ብርሃን ወደ ፊት ይመልሳል።
• ብርሃን መሪ ሰሌዳ፦ ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ ሲሆን በጠርዙ በኩል ጥቃቅን ነጭ የኤልኢዲ መብራቶች ተደርድረዋል። ብርሃኑ በፕላስቲኩ ውስጥ እየነጠረ ይጓዛል፤ በሰሌዳው ላይ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦችም ብርሃኑን በየቦታው ወደ ፊት ያወጡታል።
• አሰራጭ ሉሆች፦ ብርሃኑ በሁሉም ቦታ እኩል እንዲሆን ያደርጋሉ።
• የመጀመሪያው ፖላራይዘር፦ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው።
• ፈሳሽ ክሪስታሉ፦ በሁለት ቀጫጭን መስታወቶች መካከል የተያዘ ሲሆን በየፒክሰሉ በኤሌክትሪክ ይታዘዛል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የቀለም ማጣሪያዎችም እዚሁ ይገኛሉ።
• ሁለተኛው ፖላራይዘር፦ ከመጀመሪያው በ90 ዲግሪ ዞሮ የተለጠፈ ነው።

ሁለቱ ፖላራይዘሮች እርስ በርስ ስለሚቃረኑ፣ በመካከላቸው ምንም ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ያሳለፈውን ሁለተኛው ይዘጋው ነበር። ፈሳሽ ክሪስታሉ የብርሃኑን የመርገብገብ አቅጣጫ ሲያዞረው ብርሃኑ ያልፍና ፒክሰሉ ይበራል። ሳያዞረው ሲቀር ብርሃኑ ይዘጋና ፒክሰሉ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስክሪኑ ጥቁር ምስል ሲያሳይ የጀርባው መብራት አይጠፋም፤ መንገዱ ብቻ ይዘጋል። መንገዱ ደግሞ ፍጹም ተዘግቶ አያውቅም። በታብሌት ላይ የተለመደው የአይፒኤስ ስክሪን የኮንትራስት መጠኑ ብዙውን ጊዜ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ይህም ማለት ነጩ 400 ኒት ድምቀት ካለው፣ ጥቁሩ 0.4 ኒት ገደማ ያበራል ማለት ነው። ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ሲሆን ከአንድ ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ጋር እኩል ነው። የጀርባ ብርሃን መፍሰስ የሚባለው ይህ በሁሉም ቦታ እኩል የሆነው ፈዛዛ ብርሃን አይደለም። በተወሰነ ቦታ ላይ ከዚህ በልጦ ሲገኝ ነው።

መንስኤዎች

ዋነኛው መንስኤ ግፊት ነው። መስታወት በአንድ በኩል ሲጫን ወይም ሲጎብጥ፣ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን የመርገብገብ አቅጣጫ በጥቂቱ ይለውጣል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው ፖላራይዘር ሊዘጋው ይገባ የነበረው ብርሃን ከፊሉ ያመልጣል። ስለዚህ ብሎን ከሚገባው በላይ የጠበቀበት፣ ሙጫ ያልተስተካከለበት ወይም ክፈፉ ትንሽ የተጣመመበት ቦታ በጥቁር ምስል ላይ ነጣ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው መንስኤ ክፍተት ነው። የመብራቱ ክፍል ብርሃን በጎን እንዳይወጣ ዙሪያውን በጥቁር ቴፕ ወይም በክፈፍ ይሸፈናል። ይህ ሽፋን በትክክል ካልተገጠመ ብርሃኑ በፈሳሽ ክሪስታሉ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ በጠርዙ ይወጣል።

ሦስተኛው የሉሆች መዛነፍ ነው። አሰራጭ ሉሆቹ በሙቀት ሲሸበሸቡ ወይም ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ብርሃኑ በአንድ በኩል ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል።

እነዚህ ከፋብሪካ ጀምሮ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለዚህም ነው አንድ ዓይነት ሁለት ታብሌቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የብርሃን አፈሳሰሳቸው የሚለያየው። በአጠቃቀም ምክንያትም ይመጣሉ። ታብሌት ሲወድቅ፣ ከከባድ መጻሕፍት ጋር በቦርሳ ውስጥ ሲጎብጥ፣ ወይም ስክሪኑ ተቀይሮ አሮጌው ሙጫ ሳይጸዳ አዲሱ ሲለጠፍ ተመሳሳይ ግፊት ይፈጠራል።

ተመሳሳይ ክስተቶች

የጀርባ ብርሃን መፍሰስ ከሌሎች ክስተቶች ጋር ይምታታል።

የአይፒኤስ ፍካት የሚባለው ጥቁር ምስል ከጎን ሲታይ በማዕዘኖቹ ላይ የሚፈጠር ነጣ ያለ ብርሃን ነው። የሚመጣው ተቃራኒ ፖላራይዘሮች በሰያፍ የሚያልፈውን ብርሃን በደንብ መዝጋት ስለማይችሉ ነው። ተመልካቹ ጭንቅላቱን ሲያንቀሳቅስ ፍካቱ አብሮ ይለዋወጣል ወይም ይጠፋል። ከመፍሰስ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የሚፈስ ብርሃን የትም ሆነው ቢያዩት ከቦታው አይነቃነቅም።

ደመናማነት ደግሞ በጠርዝ ሳይወሰን በስክሪኑ መካከልም የሚታይ ያልተስተካከለ ጥፍጣፍ ነው። በስክሪን አምራቾች ዘንድ የዚህ ዓይነት የድምቀት አለመስተካከል ሁሉ በጃፓንኛ ቃል ‹ሙራ› ተብሎ ይጠራል።

ሃሎ በሌላ በኩል በደማቅ ነገር ዙሪያ፣ ለምሳሌ በጥቁር መደብ ላይ ባለ ነጭ ጽሑፍ ዙሪያ፣ የሚታይ ብርሃን ነው። የሚከሰተው የጀርባ መብራታቸው በብዙ ክፍሎች ተከፋፍሎ ለየብቻው በሚደበዝዝ ስክሪኖች ላይ ነው።

ምን ያህል ያሳስባል?

መልሱ በስክሪኑ ላይ በሚታየው ነገርና በክፍሉ ብርሃን ላይ የተመሠረተ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን ስክሪን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ነጩ 400 ኒት፣ ጥቁሩ 0.4 ኒት ነው። በአንድ ማዕዘን ላይ ሌላ 0.4 ኒት ብርሃን ይፈሳል እንበል። በጥቁር ምስል ላይ ማዕዘኑ 0.8 ኒት ይሆናል፤ ይህ ከአካባቢው እጥፍ ስለሆነ በጨለማ ክፍል በግልጽ ይታያል። በነጭ ገጽ ላይ ግን 400 የነበረው 400.4 ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ 0.1 ብቻ ነው፤ ዓይን ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ነጭ ገጽ ያለው መጽሐፍ የሚያነብ፣ ማስታወሻ የሚጽፍ ወይም ፈተና የሚለማመድ ተማሪ የማዕዘኑን ብርሃን ጨርሶ አያየውም።

የክፍሉ ብርሃንም ነገሩን ይለውጠዋል። 500 ሉክስ ብርሃን ባለው ክፍል ውስጥ አንድ ነጭ ግድግዳ ከ100 ኒት በላይ ድምቀት ይኖረዋል። የስክሪኑ መስታወት ከዚህ 4 ከመቶ ያህሉን እንኳ ቢያንጸባርቅ፣ በስክሪኑ ላይ ወደ 5 ኒት የሚጠጋ ነጸብራቅ ያርፋል። ይህ ከፈሰሰው 0.4 ኒት ከ10 እጥፍ በላይ ነው። በብርሃን ክፍል ውስጥ የግድግዳው ነጸብራቅ የፈሰሰውን ብርሃን ይውጠዋል ማለት ነው።

በተቃራኒው ጉዳቱ የሚሰማው ጨለማ በጨለማ ላይ በሚታይበት ሥራ ነው። የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም፣ የሌሊት ሰማይ ፎቶግራፍ እና ጥላ የበዛበትን ፎቶ ማስተካከል ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ፎቶ አርታኢው በማዕዘኑ ያለው ጥላ የነጣ መስሎት ሊያጠቁረው ይችላል፤ ፎቶው ሲታተም ግን ማዕዘኑ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የሕክምና ምስል ነው። በራጅ ምስል ላይ ወሳኝ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ በሁለት ተቀራራቢ ጥቁርና ግራጫ ቀለሞች መካከል ያለ ጥቂት ልዩነት ነው። የፈሰሰ ብርሃን በሁለቱም ላይ ሲደመር አንጻራዊ ልዩነታቸው ይጠባል። ለምርመራ የሚውሉ ስክሪኖች በየጊዜው በመሣሪያ የሚለኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተራ ታብሌትም እነርሱን አይተካም።

የባትሪ ማበጥ ምልክት

በታብሌት ውስጥ ባትሪው ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን የሚቀመጠውም ከስክሪኑ ኋላ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲያረጅ፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም ሲጎዳ በውስጡ ያለው ኬሚካል እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ ባትሪውም ያብጣል። ያበጠው ባትሪ ስክሪኑን ከኋላ ስለሚገፋው በመካከል ወይም በአንድ ጎን አዲስ የብርሃን ጥፍጣፍ ይታያል።

ከፋብሪካ የመጣ መፍሰስ ብዙም ሳይለዋወጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። በሳምንታት ውስጥ የሚሰፋ ጥፍጣፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ስክሪኑ ከክፈፉ ከተላቀቀ፣ የታብሌቱ ጀርባ ካበጠ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ባትሪውን መጠርጠር ይገባል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ታብሌቱን ማጥፋትና ቻርጅ ማድረግን ማቆም ያስፈልጋል። ስክሪኑን ወደ ቦታው ለመመለስ መጫን፣ ባትሪውን መውጋት ወይም ማጠፍ አደገኛ ነው። ባትሪውን የሚያወጣው ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ መሆን አለበት።

እንዴት ይፈተሻል?

አዲስም ሆነ ያገለገለ ታብሌት ሲገዛ ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል።

1. ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ምስል ስክሪኑን ሞልቶ ይከፈታል። ስክሪኑን ማጥፋት ጥቅም የለውም፤ መብራቱም አብሮ ይጠፋልና።
2. ክፍሉ ይጨልማል፤ ሱቅ ውስጥ ከሆነ ታብሌቱን በጃኬት ወይም በነጠላ ጥላ ሥር ማየት ይቻላል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።
3. ድምቀቱ በመጀመሪያ ሁልጊዜ በሚያገለግልበት መጠን፣ ቀጥሎ በሙሉ መጠን ይታያል።
4. ስክሪኑ ፊት ለፊት ከታየ በኋላ ቀስ ብሎ ይዘነበላል። የሚለዋወጠው ፍካት ነው፤ የማይነቃነቀው መፍሰስ ነው።
5. በመጨረሻ ግራጫና ነጭ ምስል ይከፈታል። በእነዚህም ላይ ጥፍጣፉ ከታየ ጉድለቱ ከባድ ነው።

በስልክ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ጥሩ ማስረጃ አይደለም። ካሜራው በጨለማ ውስጥ ብዙ ብርሃን ለመሰብሰብ ስለሚሞክር በዓይን እምብዛም የማይታየውን ጭጋግ አጉልቶ ያሳየዋል።

መፍትሔ

የጀርባ ብርሃን መፍሰስ የሚመጣው ከቁሳዊ ግፊት ወይም ክፍተት ስለሆነ በሶፍትዌር አይስተካከልም። ድምቀትን መቀነስ ግን በጨለማ ውስጥ ይረዳል። መብራቱ ከ400 ወደ 100 ኒት ሲወርድ የሚፈሰውም ብርሃን በዚያው ልክ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል። በክፍሉ ውስጥ ለስላሳ መብራት ማብራትም ዓይን ጭጋጉን እንዳያጎላው ያደርጋል።

ስክሪኑን በጣት ማሸት ወይም ታብሌቱን ማጣመም አንዳንድ ጊዜ ጥፍጣፉን ቢያንቀሳቅሰውም፣ መስታወቱን ሊሰብርና የዋስትና መብትን ሊያሳጣ ይችላል። ጉድለቱ በተለመደ አጠቃቀም ላይ የሚታይ ከሆነ አስተማማኙ መንገድ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ታብሌቱን ማስቀየር ነው።

ሌሎች የስክሪን ዓይነቶች

ኦሌድ ስክሪን የጀርባ መብራት የለውም። እያንዳንዱ ፒክሰል ራሱ ብርሃን ያመነጫል፤ ጥቁር ሲሆን ይጠፋል። ስለዚህ በኦሌድ ላይ የጀርባ ብርሃን መፍሰስ ሊኖር አይችልም። ለዚህ ቴክኖሎጂ መሠረት የሆነውን ሥራ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ኩባንያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ፣ አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አይፓድ ፕሮ ላይ ተጠቅመውበታል። ኦሌድ በበኩሉ የራሱ ድክመት አለው፤ አንድ ዓይነት ምስል ለረጅም ጊዜ ሲቆይበት አሻራው ሊቀር ይችላል።

ሚኒ ኤልኢዲ መካከለኛ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ ከ10,000 በላይ ጥቃቅን ኤልኢዲዎች በ2,596 ክፍሎች ተከፋፍለው ከስክሪኑ ኋላ ተደርድረውበታል። ምስሉ ጥቁር በሆነበት ቦታ ያለው ክፍል መብራቱን ያጠፋል፤ በዚህም የሚፈስ ብርሃን በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም አንዱ ክፍል ብዙ ፒክሰሎችን ስለሚሸፍን በደማቅ ነገሮች ዙሪያ ሃሎ ሊታይ ይችላል።