አጥር ላይ የተያዘችው ንብ

መሸንቲ ያሉት ንብ አናቢ አጎቴ መስከረም ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። ቀፎው አጠገብ፣ የአጥር እንጨት ላይ ሁለት ነፍሳት ተደራርበዋል፤ የታችኛዋ ንብ ናት። «ሲራቡ ደረስኩባቸው» ብለው ጽፈዋል።

ንብ አጥር ላይ አትራባም። ንግሥቲቱ ከድንጉላ (ከወንዱ ንብ) ጋር የምትገናኘው እየበረረች፣ አየር ላይ ነው፤ ድንጉላውም ወዲያው ይሞታል። ከላይ ያለው አዳኝ ዝንብ ነው።

«ዝንብ ሁለት ክንፍ አለው፣ ንብ አራት፤ ቆጥሮ መለየት ነው» የሚባለው እውነት ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ያሳስታል። የንብ የፊትና የኋላ ክንፎች በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ ሁለት ብቻ መስለው ይታያሉ። እኔ ቀድሜ የማየው ፊቱን ነው። አዳኝ ዝንብ ጢም አለው። በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቹ መካከል አናቱ ስለሚጎደጉድ ከፊት ሲያዩት ኮርቻ ይመስላል። አንቴናውም አጭር ነው፤ የንብ አንቴና ግን እንደ ክርን ይታጠፋል።

የአጎቴ ፎቶ ከጀርባ የተነሣ በመሆኑ ይህ ሁሉ አይታይም። «ጋሼ፣ እስቲ ከጎን ይድገሙት» አልኳቸው። ደግነቱ ዝንቡ ማዕዱን ትቶ አልሄደም። በሁለተኛው ፎቶ አጭርና ጠንካራ መምጠጫው የንቧ አንገት ላይ ተሰክቷል። በዚያ የሚያስገባው ምራቅ አደንዝዞ የውስጥ አካሏን ያሟሟዋል፤ እሱ ይመጠዋል፣ ቅርፊቷ ይቀራል። በኋላ እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት እንደተሸከመች ነው፤ ሠራተኛ ንብ ናት፣ ከአደይ ስትመለስ የተያዘች ሳትሆን አትቀርም።

«ቀፎዬን ሳይጨርሰው መድኃኒት ልርጭ» አሉ። ተው አልኳቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች ያሉበትን ቀፎ አንዳንዷን የሚለቅም ዝንብ አያፈርሰውም፤ የሚያፈርሰው መርጨቱ ነው። ደግሞ ዝንብም፣ ፌንጣም፣ ተርብም ይበላል፤ እጮቹ አፈር ውስጥ የጢንዚዛ ትል ያድናሉ። እኔ ብሆን ለቀፎው ከዝንቡ ይልቅ ጉንዳንን እፈራ ነበር።

ከብት የሚያደማው ዝንብም እሱ አይደለም፤ ደም አይመጥም። በእጅ ከጨበጡት ግን ይወጋል፣ ያማልም።

«ታዲያ ስሙ ማነው?» አሉኝ። እዚህ ላይ የስልክ ፎቶ አቅም ያልቃል። አሲሊዴ የተባለው ይህ የዝንብ ወገን በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ብዙዎቹ የወንዱ የመራቢያ አካል በማጉያ ካልታየ አይለዩም። የወገኑን ስም ነግሬያቸው ዝርያውን አላውቅም አልኩ።

አጎቴ አልጠበቁኝም፤ «ሽፍታው» ብለውታል።